የተማሪ እንቅልፍና የሩጫ ሜዳ
ሌሊቱን ከደብተሩ ጋር አንግቶ፥ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ መኝታው የሚያዘግመውን የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ በዚያው ሰዓት የሮቤን ቁር ተቋቁሞ ለሩጫ ከሚወጣው ባልንጀራው ጋር የሚያስተያይ ሰው፥ ብዙውን ጊዜ የፊተኛውን ትጉህ፥ የኋለኛውን ጊዜ አባካኝ ብሎ ይፈርዳል፤ እኔ ግን ፍርዱ የተገለበጠ ይመስለኛል። በቀን የተማሩትን በአእምሮ የሚያጸናው እንቅልፍ መሆኑን፥ ለጐልማሳም በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት እንደሚያስፈልገው፥ በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚለማመደው የሕክምና ደቀ መዝሙር ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ሆኖም የፈተና ሰሞን ሲደርስ ዕውቀቱን ወደ ጎን ትቶ፥ በቡና ኃይል፥ አንዳንዱም (ይቅር ይበለንና) በጫት ምርቃና፥ ሲሸመድድ ያድራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚልቀው በዚህ ደጋ አየሩ ሳሳ ያለ ነውና፥ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት በማግስቱ ከሜዳ ሲወጣ ፈጥኖ ይዝላል፤ ያን ጊዜ ስፖርቱ ያለ በደሉ ይከሰሳል። በ1954 እ.ኤ.አ. አንድ ማይልን ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በመሮጥ ቀዳሚ የሆነው እንግሊዛዊው ሮጀር ባኒስተር የሕክምና ተማሪ ነበረ፤ ልምምዱንም የሚያደርገው በምሳ ዕረፍቱ ነበር። እንግዲህ መርሐ ግብር አውጪዎች ፈተናን ሁሉ በአንድ ሳምንት ማጨቁን ትተው፥ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለሜዳ ቢለቁ፥ የመኝታ ክፍሉም መብራት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ቢጠፋ፥ ተማሪው ምንም ቢያጉረመርም፥ እኔ ከአጥፊው ወገን ነኝ።