አንድ ሺህ ሪያል ብሎ የፈረመው ማን ነው?



በሰፈራችሁ፣ በጎረቤታችሁ፣ ብዙዎቻችሁም በገዛ ቤታችሁ ዓረብ አገር ያለ ሰው አላችሁ። ሪያድን፣ ጅዳን፣ ዱባይን፣ ቤይሩትን ከደሴና ከጅማ ባልተናነሰ የምናውቃቸው ለሽርሽር ሄደን አይደለም። እህት ልከን፣ ልጅ ልከን፣ ስልኳ አልነሳ ሲል ሌሊቱን ቁጭ ብለን አድረን ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስደት ክፉ ነው ብሎ ሊመክራችሁ አልተነሳም። ያንን ምክር ከመንግሥት ቴሌቪዥን ጠግባችሁታል።

መሄድ መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከሀገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው በግልጽ ደንግጓል። ፓርቲያችን የሚያነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ልጃችን ስትሄድ ዋጋዋን የተደራደረላት ማን ነው? በስንትስ ተስማማ?

ፊሊፒንስ እንደ እኛው ሴት ልጆቿን ለቤት ሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትልክ አገር ናት። የዚያች አገር መንግሥት በ2006 እ.ኤ.አ. ከ400 የአሜሪካ ዶላር ባነሰ የወር ደመወዝ የቤት ሠራተኛ እንዳይላክ፣ ከሠራተኛዋም የምልመላ ክፍያ እንዳይወሰድ ወሰነ። ቀጣሪዎች ተንጫጩ። በ2011 እ.ኤ.አ. ሳውዲ ዓረቢያ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ የቤት ሠራተኛ መውሰድ አቆመች። ፊሊፒንስ ግን ከአቋሟ ፈቀቅ አላለችም፤ በማግሥቱ ዓመት ሳውዲ ዓረቢያ 400 ዶላሩን ተቀብላ ቅጥሩን ቀጠለች።

በዚያ መካከል የሳውዲ ቀጣሪዎች ወዴት ዞሩ? ወደ እኛ። የ2004 እና የ2005 ዓ.ም.ን የፓስፖርት ሰልፍ ያላየ የከተማ ሰው አለ? ከየገጠሩ በአንድ ፌስታል ልብስ ይዘው መጥተው በየአጥሩ ሥር ያደሩትን ልጆች ያላየ አለ? ያ ሁሉ ሕዝብ የተጠራው ሌላ አገር ለዜጋው ክብር ቆሞ በመደራደሩ በተከፈተው ክፍተት ነበር። ርካሽ ሆነን ተገኘን፤ ያረከሰን ደግሞ ድህነታችን ብቻ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ከታወቀና ከታየ በኋላ መንግሥታችን በ2009 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ ጋር የሥራ ስምምነት ሲፈርም ለቤት ሠራተኛዋ የተያዘላት የወር መነሻ ደመወዝ 1 ሺህ ሪያል ሆነ። አንድ ዶላር በ3.75 ሪያል ሲመነዘር 267 ዶላር ገደማ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። በወር የ133 ዶላር ልዩነት አለ። በሁለት ዓመት ኮንትራት 3,200 ዶላር ይሆናል። ያው ቤት፣ ያው መጥረጊያ፣ ያው ከሌሊት እስከ ሌሊት የሚዘልቅ ሥራ ነው። 3,200 ዶላር በከተማችን ለአንዲት ተመላሽ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለእናንተ መንገር አይገባንም።

“ከፍ ያለ ደመወዝ ብንጠይቅ ወደ ኬንያና ወደ ኡጋንዳ ይዞራሉ” የሚል መልስ ሲቀርብ እንሰማለን። መልሱ ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ይህ አንገት ደፍቶ ለመፈረም ምክንያት አይሆንም፤ ከናይሮቢና ከካምፓላ ጋር አስቀድሞ ተቀምጦ በጋራ ዋጋ ለመቁረጥ ነው ምክንያት የሚሆነው። ቡናን በጋራ ለመሸጥ ማኅበር ማቋቋም የሚያውቅ አገር ለሰው ጉልበት እንዴት አላሰበም?

ገዢው ፓርቲ በዚህ ጉዳይ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ መዝጋት ወይም ማጎረፍ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ስምሪቱን በሙሉ አገደ። በዚያው ሰሞን ሳውዲ ዓረቢያ ያባረረቻቸው ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ቦሌ ተራገፉ። እገዳው ያገደው ሕጋዊውን በር ብቻ ነበር። የኦቦክን ጀልባ ያገደ የለም፤ የየመንን በረሃ ያገደ የለም። ከእገዳው በኋላ በዚያ መንገድ የሚሄደው ሕዝብ አልተቋረጠም፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ አስታውቋል። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የተላከው ሰው ብዛት እንደ ኤክስፖርት ገቢ በኩራት ሲነገር እንሰማለን።

ይህን የምጽፈው እንደ ፓርቲው ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን እንደ ሕግ ባለሙያም ስለሆነ ሕግ የለም ብዬ አላታልላችሁም። ሕግ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 181 በ1999 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች በመርህ ደረጃ ከሠራተኛው ክፍያ መውሰድ እንደሌለባቸው ይደነግጋል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የኢንሹራንሱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ኤጀንሲው 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዋስትና በባንክ እንዲያስይዝ አዟል። ከሁሉም በላይ ኤጀንሲው ለውሉ አፈጻጸም ከውጭ አገሩ አሠሪ ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነው።

“በአንድነትና በነጠላ” የሚለው ሐረግ ለብዙ ሰው የፍርድ ቤት ቋንቋ ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። ሪያድ ያለው ሰውዬ ደመወዝ ከከለከላት ሪያድ ድረስ መክሰስ የለባትም፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ፎቅ ተከራይቶ ያለውን ኤጀንሲ መክሰስ ትችላለች ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አትከስም? ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ወደ ጥብቅና ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው አሥራ አራት ወር ሠርታ የሰባት ወር ደመወዝ ሳይከፈላት ተመልሳለች። “ውሉ የታለ እማማ?” አልኳቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ የክትባት ካርድ ነበር። ውሉን ልጅቱ አየር ማረፊያ ስትደርስ ተቀብለዋታል። ኤጀንሲው ዘንድ ሄድን፤ በእሱ በኩል እንዳልሄደች ነገሩን። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን፤ ፋይሉን ለማውጣት የውሉን ቁጥር አምጡ አሉን። የውሉ ቁጥር ያለው ውሉ ላይ ነው! ሦስት ወር ተመላለስን። እናትየው በአራተኛው ወር “ልጄ፣ ይቅርብኝ፣ የታክሲ ጨረስኩ” ብለው ቀሩ። እኔም ቀረሁ፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም አልልም። አንድ መቶ ሺህ ዶላር በባንክ ተቀምጦ የታክሲ ገንዘብ ያጣች እናት መብቷን የምትተውበት ሕግ ለማን ነው የተጻፈው?

አሁን ደግሞ ለእኛ ለከተማ ሰዎች የማይጥም ነገር እናንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ፣ የ1996ቱም ሆነ የ2011ዱ፣ በግለሰብ ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችን ከአዋጁ ውጭ አድርጎ የሥራ ሁኔታቸውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፏል። ሠራተኛዋ በዚህ መሀል በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ሥር ቀረች። ሳውዲ ዓረቢያ በ2021 እ.ኤ.አ. ሠራተኛን ከካፊሉ ጋር የሚያስረውን ሥርዓት ስታላላ የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ውጭ አደረገች ብለን እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ትክክል ነው። ነገር ግን በገዛ አገሩ የቤት ሠራተኛዋን ከሕግ ውጭ ያስቀመጠ መንግሥት ተደራዳሪ ጠረጴዛው ላይ ምን አፍ ይኖረዋል? በየማዕድ ቤታችን ያለችውም ልጅ የአንድ እናት ልጅ ናት። ፓርቲያችን ይህን በምርጫ ሰሞን መናገር ድምፅ እንደሚያስቀንስ ያውቃል።

ስለ አውሮፓና አሜሪካ “የልውውጥ ፕሮግራም” በአጭሩ እንናገር። የተማሩ ልጆቻችሁ በየሕንፃው ቢሮ ለከፈቱ ሰዎች “የማስመዝገቢያ” እየተባሉ ገንዘብ ይከፍላሉ። እንደ ፉልብራይት ያለ የታወቀ የትምህርት ልውውጥ ዕድል ለማመልከት ገንዘብ አይጠየቅበትም። ይህንን ለአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለመንገር አንድ ሠራተኛና አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይበቃል። ደላላው የሚሸጠው መንግሥት በነፃ መስጠት የነበረበትን መረጃ ነው፤ መንግሥት ዝም ባለ ቁጥር የደላላው ገበያ ይደራል።

በመሆኑም ፓርቲያችን ከተመረጠ የሚያደርገው የሚከተለው ነው። ከማንኛውም ተቀባይ አገር ጋር ለቤት ሠራተኛ ከ400 ዶላር በታች የሆነ ስምምነት አይፈርምም፤ የቀድሞውን እንደገና ለድርድር ያቀርባል፣ ኬንያንና ኡጋንዳንም ለጋራ ድርድር ይጋብዛል። ማንኛዋም ተጓዥ በምታነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል ትይዛለች፤ ሁለተኛው ኮፒ ለቤተሰብ፣ ሦስተኛው ለወረዳው ይሰጣል። ውሉን ከእሷ የቀማ በወንጀል ይጠየቃል። ደመወዝ ያልተከፈላት ሠራተኛ አቤት ባለች በ30 ቀን ውስጥ ኤጀንሲው ማስተባበያ ካላቀረበ ገንዘቧ ከዋስትናው ላይ ተቀንሶ ይከፈላታል፤ የማስረዳት ሸክሙም ከእሷ ትከሻ ወርዶ በኤጀንሲው ላይ ይሆናል። በየቆንስላው ሌሊት ስልክ የሚያነሳ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊና መጠለያ ይኖራል። በ2020 እ.ኤ.አ. ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ አሠሪዎቻቸው አምጥተው የጣሏቸው እህቶቻችን አስፋልት ላይ ሲያድሩ ዓለም አይቷል። ለአገር ውስጥ የቤት ሠራተኞችም የዕረፍት ቀንን፣ የሥራ ሰዓትንና የደመወዝ መክፈያ ቀንን የሚወስን ደንብ በመጀመሪያው ዓመት እናወጣለን።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ከኤጀንሲ ፈቃድና ከውል ማጽደቂያ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚሁ ሥራ ብቻ እንዲውል በሕግ ይታሰራል፤ ሒሳቡም በየዓመቱ በጋዜጣ ይወጣል።

ልጃችሁ ወይም እህታችሁ በኮንትራት ሄዳ ከሆነ፣ በእጃችሁ ያለውን ማንኛውንም ወረቀት፣ የክትባት ካርድም ቢሆን፣ የባንክ ደረሰኝም ቢሆን፣ አትጣሉት። ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤታችን አምጡት። የሕግ ክፍላችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ያለ ክፍያ ያየዋል። ድምፃችሁን ለማን እንደምትሰጡ አንጠይቃችሁም።