«መቶ በመቶ አሳለፈ» ይሉናል

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ዜና አይቀርም፤ እገሌ የተባለው ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስፈተናቸውን በሙሉ፣ መቶ በመቶ አሳለፈ ይባላል። ጭብጨባ ይከተላል። እኛም እዚህ ስድስት ኪሎ፣ ከእቴጌ መነን ብዙም ሳንርቅ ተቀምጠን አብረን አጨብጭበናል። አሁን ግን እጃችንን ሰብስበን እንጠይቅ፤ ለመሆኑ ያሳለፈው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ወንፊቱ?

ባልንጀሮቻችን እንዳይቆጡን አስቀድመን እንናገር። አዳሪ ትምህርት ቤት ይዘጋ አላልንም። ከመካከላችን በአዳሪ ትምህርት ቤት ዳቦ ያደጉ፣ ያ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ከብት ኋላ የሚሆኑ አሉ። የምንጣላው ከበሩ ጋር ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። በ2014ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ናቸው። በዚህ ሁሉ ጥፋት መካከል የ8ኛ ክፍል ውጤት አይቶ፣ በዚያ ላይ የመግቢያ ፈተና ጨምሮ፣ ከከተማው ልጆች የመረጣቸውን የወሰደ ትምህርት ቤት ሁሉንም ቢያሳልፍ ምን ይደንቃል? ከገበያው ማኛ ማኛውን ለቅሞ የሄደ ሰው እንጀራው ነጣ ብሎ በምጣዱ ሊመጻደቅ አይገባም። አንደኛዋ ተለቅማ የተወሰደችበት የሰፈር ትምህርት ቤት ደግሞ በማግሥቱ «ሰነፍ» ተብሎ ይወቀሳል። መምህሩም ይወቀሳል።

አሁን ወደ ካዛንቺስ እንሂድ። ስሟ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች የመጣ፣ ከፊቷ ሆቴልና የአፍሪካ አዳራሽ፣ ከኋላዋ ግቢ በግቢ የተደራረበ የቀበሌ ቤት የነበረባት ሰፈር። ከእኛ ጥቂቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እየሄድን ለ«ሚኒስትሪ» የሚዘጋጁ ልጆች እናስጠና ነበር። አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟን አንጽፍም። እናቷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። ልጅቷ ሒሳብ ስትሠራ ከንፈሯን ነክሳ እንደ ሹራብ ትጎነጉነዋለች፤ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው ሲለያይ «መጽሐፉ ነው የተሳሳተ» ትላለች። ሁለት ጊዜ ልክ ሆና አግኝተናታል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ልክ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ፈረሰች። ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራ ሄደ፤ የእሷም ቤተሰብ እንዲሁ። እናት ደንበኞቿን አጣች። ልጅ 8ኛ ክፍልን በአዲስ ሰፈር፣ በአዲስ መምህር ጀመረች፤ ያም ሆኖ ውጤቷ አማረ። ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ማመልከቻ የነዋሪነት ማስረጃ ተጠየቀች። የድሮው ጽሕፈት ቤት «ፋይላችሁ ተልኳል» አለ። አዲሱ «አልደረሰንም» አለ። እናት ሦስት ቀን ሥራ ፈትታ ተመላለሰች። በአራተኛው ቀን ምዝገባው ተዘግቶ ነበር።

ይህች ልጅ ፈተና አልወደቀችም። አልተፈተነችም። በየትኛውም የውጤት ሠንጠረዥ ላይ አትገኝም።

በዚያው ሰሞን እኛስ ምን እንሠራ ነበር? እዚህ ላይ ሐፍረት አለ፤ ቢሆንም እንጽፈው። አመሻሽ ላይ ወደ ቦሌ እየተሻገርን ለዚያው መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን በሰዓት እየተከፈለን እናስጠና ነበር። ለሒሳብ አንድ አስጠኚ፣ ለእንግሊዝኛ ሌላ፣ የሞዴል ፈተና ሺት በክላሰር ተጠርዞ፣ ሻይ በትሪ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ አንዋሽም። ግን ጥያቄው ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜ የሚያዩት ነው። ይህን ገጽ ያባዛንበት ቀለምና ወረቀት የተገዛው ከዚያ ገንዘብ ነው። ስለ ወንፊቱ ስንጮህ እጀታው በእጃችን እንደሆነ አንዘንጋ።

ወንፊቱ አዲስም አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ሴክተር ሪቪው ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ለጥቂቱ ይሁን የሚል ነበር። መምህራን በየካቲት 1966 ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ተጣለ። ዛሬ እንዲህ ብሎ በወረቀት የሚያሰፍር ባለሥልጣን የለም። ደግሞስ ለምን ያሰፍራል? ፈተናውና ማኅተሙ ዝም ብለው ይሠሩለታል።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለን መልስ አለን። ለአንድ ፈተና ሁሉን ማሰለፍ ይቅርና ከየመንግሥት ትምህርት ቤቱ በክፍሉ ቀዳሚ የወጣው ልጅ ቦታ ይያዝለት። ስሙን ትምህርት ቤቱ ይላክ፤ እናት በየቢሮው አትንከራተት። የአሜሪካዋ ቴክሳስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1997 ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከአሥር አንድ ቀዳሚውን የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲቀበሉ በሕግ ወስናለች። «የደካማ ትምህርት ቤት አንደኛ እኮ ጠንካራው ውስጥ ሃያኛ ነው» ይሉናል። ይሁና! ያለ አስጠኚ፣ ያለ ሺት፣ ሰፈሯ በላይዋ ላይ እየፈረሰ አንደኛ የወጣችውን አራት ዓመት አስተምሯትና ከዚያ እንወዳደር።

ልጅቷ አሁን እዚያው አዲሱ ሰፈሯ 9ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ ታክሲ እየቀያየርን የሄድነው አራት ነበርን፤ ከዘገየን በኋላ ደረስን። አሥራ አንድ ልጆች ቀድመውን ተቀምጠዋል። ጥቁር ሰሌዳ የለም፤ በር ላይ በጠመኔ ጻፍን። የሚመጣው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ እንነሣለን፤ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ጎድሎናል።