ቃልዎ በማን እጅ ነው?

ይድረስ ለአንባቢዬ፣

 

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ አንዲት ወረቀት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቴ ተሰብሮ ዕቃ ተወሰደብኝ። ሌባው ተያዘ፣ ክስ ተመሠረተ፣ መጥሪያ ደረሰኝ። መጥሪያው ላይ ስሜን ብፈልግ «የዐቃቤ ሕግ 1ኛ ምስክር» ከሚለው ሥር አገኘሁት። የተሰበረው በር የኔ፣ የተወሰደው ዕቃ የኔ፤ እኔ ግን በሌላ ሰው ጉዳይ እንደ አላፊ አግዳሚ ለምስክርነት ተጠራሁ። ጣቢያ ሄጄ የሰጠሁትን ቃል ቅጂ ብጠይቅ ወጣቱ መርማሪ «መዝገቡ የመንግሥት ነው» አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ፤ ክፋት አልነበረበትም። ጉዳዩ የአንድ ቴሌቪዥንና የሁለት ብርድ ልብስ ነበርና ተውኩት።

የማልተወው የነፋስ መውጫ ሴቶችን ጉዳይ ነው።

ከደብረ ታቦር በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ጋይንት ያደርሳል። ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ከተማ ናት። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ከነሐሴ 6 እስከ 15፣ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ቆየች። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ የዚያ ዓመት ቡሄ በእነዚያ ቀናት መካከል ዋለ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ኅዳር 1 ቀን 2014 ባወጣው ሪፖርት 16 የከተማዋ ሴቶች መደፈራቸውን ተናገሩ። 14ቱ የተደፈሩት በብዙ ሰው ነው። ተደፍረናል ብለው ለመንግሥት ያመለከቱት ከ70 በላይ መሆናቸውን አንድ የአካባቢው ኃላፊ ለድርጅቱ ገልጸው ነበር። ሆስፒታሉ ተዘርፎ ስለነበር ሴቶቹ በጊዜው ማግኘት የነበረባቸውን ሕክምና እንኳ አላገኙም።

አሁን እስቲ አብረን እንቁጠር። እንዲህ ያለ በደል የደረሰባት ሴት መጀመሪያ ለመንግሥት ጽሕፈት ቤት ትናገራለች፤ ቀጥሎ ለሐኪም፣ ከዚያ ለፖሊስ፣ ከዚያ ከሩቅ ለመጣ አጥኚ። ሁሉም ይጽፋል። የሕይወቷ ክፉ ቀን በአራት ሰው ደብተር ሠፍሮ በእሷ እጅ ግን የመዝገብ ቁጥር እንኳ ላይኖር ይችላል። የኛ አገር ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሣጥኑ ሥር ያኖራል፤ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ያወጣዋል። ለሩብ ሄክታር መሬት ደብተር አለን። ለሰው ገላ የለንም።

ሕጉ ምን ይላል ካሉኝ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ስለተያዙ ሰዎች፣ አንቀጽ 20 ስለተከሰሱ፣ አንቀጽ 21 ስለታሰሩና ስለተፈረደባቸው ይናገራል። የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት አለው። ይህን አልቀናበትም፤ ነገ በሐሰት ብከሰስ እኔንም የሚያድነኝ እሱ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ጎን «የወንጀል ተበዳይ መብት» የሚል አንቀጽ ፈልገው አያገኙም። ፍርድ ቤት ውስጥ ተበዳይዋ «የግል ተበዳይ» የሚል ስም አላት፤ ስሙ ግን ከመዝገቡ ገጽ አያልፍም።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሳይታሰብ የተሻለ ነገር ይዟል። ፖሊስ አቤቱታዎን በጽሑፍ ካሰፈረ በኋላ ሊያነብልዎት ይገባል፤ እርስዎም ሰምተው ነው ቀን ጽፈው የሚፈርሙት። መርማሪው የሠራውን በየቀኑ በማስታወሻ መመዝገብ አለበት። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው አይበቃም ካለ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል። በፍርድ ቤቱ ደጅ ይህ «በ42/1/ሀ ተዘጋ» ይባላል፤ ብዙ ሰው የአንቀጹን ቁጥር ብቻ ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት አንቀጾች ግን በር አላቸው። የውሳኔው ግልባጭ ለተበዳዩ ይደርሰዋል። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጣ ወንጀል ራሱ እንዲከስ ይፈቀድለታል፤ በሌላው ወንጀል ደግሞ ውሳኔው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ ክስ እንዲመሠርት ይታዘዝልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት ያመለክታል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። አሥራ አምስቱ ቀን የሚቆጠረው ወረቀቱ ከደረሰ ጀምሮ ነው። ግልባጩን ያልሰጧት ሴት ቀኑን ከየት ጀምራ ትቁጠር? መዝገብ ማየት የወሬ ፍለጋ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ ወረቀቱ ካልወጣ ይግባኙም የለም።

ሌላም መንገድ አለ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል። መጻፍ የማይችል በቃሉ ጠይቆ ሠራተኛው እንዲጽፍለት ሕጉ ያዛል፤ ይህን የጻፈ ሰው የኛን እናቶች ያውቃል እላለሁ። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት፣ ክልከላም ከሆነ ከነምክንያቱ። ቅሬታ ቢኖር የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በእርግጥ ምርመራን የሚያሰናክል መረጃ ላይሰጥ ይችላል። ነገር ግን የተበዳይ የራሷ ቃል ምርመራውን እንዴት ያሰናክላል? የተናገረችው እሷው ናት።

አንድ የፖሊስ ወዳጄ በዚህ ነገር ተቆጥቶኛል። «አንተ ከተማ ሆነህ ትጽፋለህ፤ የምስክር ስም ቢወጣ እኮ ደም ነው የሚፈሰው» አለኝ። እውነቱን ነው። በኛ አካባቢ ከስማዳ እስከ እብናት ደም መመለስ ገና ያልሞተ ነገር ነው፤ ሙሉ መዝገብ ለተበዳይ ዘመድ መስጠት ሌላ ቀብር መጥራት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔም ሙሉውን አልጠየቅኩም። የራሷ ቃል፣ የሐኪም ማስረጃዋ፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ ጉዳዩ የደረሰበት ደረጃና የመጨረሻው ውሳኔ ይበቃል። ለተደፈረች ሴት ደግሞ ወረቀቱ ራሱ አደጋ ነው፤ ባል ያገኘዋል፣ ጎረቤት ያነበዋል። ቅጂው ይገባታል ማለት ቤቷ ታስቀምጠው ማለት አይደለም። የት እንደሚቀመጥ የምትወስነው እሷ ትሁን ማለት ነው።

በአባቶቻችን ዘመን ሌባ ለማውጣት መንደሩ ሁሉ በሚሰበሰብበት አውጫጭኝ ንብረቱ የጠፋበት ሰውም አብሮ ይቀመጥ ነበር። አውጫጭኝን መልሱልኝ አልልም፤ ንጹሑን ሁሉ ከሥራ አስፈትቶ ሜዳ ላይ የሚያውል ሥርዓት ነበር። ግን ተበዳዩን ከበር ውጭ አላስቀመጠም።

የመንግሥታቱ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 20 ቀን 1978 ባጸደቀው መግለጫ የወንጀል ተበዳዮች የጉዳያቸው አካሄድና ውጤት እንዲነገራቸው ብሏል። አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የኛ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ታዲያ የሚዳኘው በምን ወረቀት ነው? በቀይ ሽብር ጉዳይ በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ብዙ የረዳው ደርግ ራሱ ጽፎ ያስቀመጠው ሰነድ ነበር፤ ታኅሣሥ 1999 የጥፋተኝነት ውሳኔ ሲሰጥ ገዳዮቹ በፊርማቸው ተይዘዋል። ነፋስ መውጫን ይዘው የነበሩት ታጣቂዎች ግን ትእዛዝ ጽፈው ስለመተዋቸው አልሰማሁም። ያለው የሴቶቹ ቃል ነው። ትግራይ ውስጥ ተመሳሳይ በደል የደረሰባት ሴትም ያላት ይኸው ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን በአማራ በግጭቱ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ የወረዳ መዝገብ ቤት ለነገ ደህና ያድራል ብሎ የሚምል ሰው አላየሁም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ወረቀት በአንድ ክብሪት ያልቃል።

እርስዎ ቃል ለመስጠት ጣቢያ ቢሄዱ ተነብቦልዎት ሳይሰሙ አይፈርሙ፤ ቁጥሩን ጽፈው ሳይዙም አይውጡ። በዚያ ነሐሴና በተከተሉት ወራት የነፋስ መውጫን ሴቶች ቃል የተቀበላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ደብተሮቹ የት እንዳሉ ታውቃላችሁና ሴቶቹን አንድ በአንድ፣ ሰው በማያይበት ጠርታችሁ ቁጥራቸውን ስጧቸው።

አክባሪዎ፣ ከደብረ ታቦር