ፈተናው በኮምፒዩተር ሲሆን የአርብቶ አደሩ ልጅስ?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ትምህርት የሚመክሩና የሚወስኑ አንባቢዎችዎ ይመለከቱት ዘንድ፥ ይህን አስተያየቴን በአንባቢያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትህትና እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒዩተር፥ በኢንተርኔት አማካይነት ተሰጥቷል። በ2017 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ የተፈተኑት ቁጥራቸው እጅግ ጨምሯል፤ የትምህርት ሚኒስቴርም ወደ ፊት ለሁሉም ለማዳረስ ማሰቡን ገልጿል። አሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በየስልኩ በመዞሩ መላው ፈተና ተሰርዞ እንደ ገና መሰጠቱን የሚያስታውስ ሰው፥ ወረቀቱ ቢቀር ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

እኔ ግን የማስተምረው በቱርሚ ነው። ቱርሚ በደቡብ ኦሞ፥ በሐመር ወረዳ የምትገኝ፥ ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚቆምባት ትንሽ ከተማ ናት። የሐመር ሰው ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል፤ እንዲያውም ምስሉ ከልጁ ቀድሞ ኢንተርኔት ገብቷል ለማለት ይቻላል። ልጁ ራሱ ግን በቤቱ በሐመርኛ ሲነጋገር አድጎ፥ አማርኛን በትምህርት ቤትና በገበያ ለምዶ፥ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲከታተል ይጠየቃል። አሁን ደግሞ በዚህ ላይ ማውዝ የሚባለውን ነገር ጨብጦ፥ ሰዓቱ እየተቆጠረበት ጥያቄ እንዲመልስ ልንጠይቀው ነው። ሒሳቡን ያወቀ ልጅ ቀስቱን ከመልሱ ላይ ማሳረፍ አቅቶት ቢወድቅ፥ የወደቀው በምን ትምህርት ነው እንበል?

በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በር ይህን ያህል በጠበበበት ጊዜ ከደጃፉ ላይ አንድ ተጨማሪ ደረጃ መሥራት ለማን እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

በትምህርት መሣሪያ ረገድ አገራችን ጀማሪ አይደለችም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ትምህርት ማስተላለፍ ዠምሮ ነበር። ሬዲዮውም ለብዙ ዘመን አስተምሯል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። የኔ ዕድሜ እኩዮች የዚያ ትምህርት ልጆች ነን። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይናገራል፥ ጥያቄ ይጠይቃል፥ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና «ትክክል ነው» ብሎ ያልፋል፤ እኛ ግን ጥያቄውን ገልብጠን አልጨረስንም። መምህራችን ከጥግ ቆሞ ይመለከታል፤ ሊያቆመው አይችልምና። ከዚያ በፊት በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት የካሴት ቴፕ ነበረች። ከፕላዝማው ጋር ስትነጻጸር እጅግ ደሀ ናት። ዳሩ ግን መምህሯ ባልገባን ቦታ አቁማ፥ ወደ ኋላ መልሳ፥ በአገራችን ቋንቋ አስረድታ እንደ ገና ታሰማን ነበር። የሁለቱ ልዩነት የዋጋ አልነበረም፤ ማቆሚያው በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

ዩኔስኮም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፥ ቴክኖሎጂው የሚያገለግለው በማን ፈቃድ ነው የሚለውን ጥያቄ ርእሱ አድርጎታል። በዚያው ዓመት ስዊድን፥ ኮምፒዩተር የሞላት አገር፥ ለታተመ መጽሐፍ ገንዘብ መድባ ወደ ወረቀት መመለስ ዠምራለች። እኛ ግን የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ በስልክ አንብቡ እየተባልን ስልኩ ባንድ ክፍል ውስጥ በስንት ልጅ እጅ እንዳለ አልቆጠርንም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። የከተማው ልጅ እንደ ምንም ተከታተለ፤ የአርብቶ አደሩ ልጅ ከፍየሎቹ ጋር ሄደ፤ ከሄዱትም መካከል ያልተመለሱ አሉ።

ከዚህ ቀደም ባስተማርሁበት፥ ስሙን ለመጥቀስ በማልፈልገው ትምህርት ቤት፥ የተበላሸ ፕላዝማ የጠመኔ ካርቶን ማስቀመጫ ሆኖ አይቻለሁ። መሣሪያውን ለመግዛት በጀት ተገኝቶ ነበር፤ ለሚጠግነው ሠራተኛ ደመወዝ ግን አልተገኘም። ፊርማው የሚፈረመው በናንተ በአንባቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ነውና ይህን እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ትምህርቱ ኔትዎርክ ሲጠፋም እንዲሠራ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥ፤ ፀሐይ በኛ ዘንድ ሞልታለችና መብራቱን ከርሷ ማግኘት ይቻላል። መምህሩ እንዳሻው የሚያቆመውና የሚመልሰው ይሁን። ተማሪው ከ9ኛ ክፍል አንሥቶ በኮምፒዩተር የሚለማመድበት ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍለት፤ የፈተና ሰሞን ለሦስት ቀን ማሳየት ልምምድ አይባልም። ይህን ልምምድ ላላገኘ ትምህርት ቤት ግን እስኪያገኝ ድረስ የወረቀቱ ፈተና እንዳይከለከል ሚኒስቴሩ በጽሑፍ ያረጋግጥልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከቱርሚ