ቁመት ብቻውን አያጫውትም

ዛሬ ስለ ቅርጫት ኳስ እንነጋገር። ጨዋታው በእጅ ነው። ኳሱ የሚገባበት ቀለበት ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ታዲያ ረጅሙ ልጅ ብዙ ጊዜ «ቀለበቱ ሥር ቁም!» ይባላል። ሌላ ነገር አይማርም። ጓደኞቹ ግን ነገ በቁመት ይደርሱበታል። ያን ጊዜ በምን ይጫወታል?

ከብት መጠበቅ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ገበሬ አይባልም። ማረስን፣ ማጨድን፣ መውቃትንም መልመድ አለበት። ረጅሙም ልጅ ኳስ እያነጠረ መሮጥን፣ ማቀበልን፣ ከሩቅ መወርወርን ይማር።

በናይጄሪያ የተወለደው ሐኪም ኦላጁዋን ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ነው። በልጅነቱ ግን የእግር ኳስ በረኛ ነበር። እግሩን ያፍታታው ይኸው ነው። በኋላ በአሜሪካ ቡድኑን በፈረንጆች 1994 እና 1995 ለዋንጫ አበቃ።

ቁመቱን ተፈጥሮ ትሰጣለች። ሙያውን እኛ እናስተምር።