ተሳትፎ በተሰብሳቢ ብዛት አይለካም፦ ከመንዝ ጓሳ የሚገኝ ትምህርት

በአገራችን ስለ አካባቢ ጥበቃ ከሚዘጋጁ ሪፖርቶች መካከል «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚለው ሐረግ የሌለበት ማግኘት ያስቸግራል። ሐረጉን ተከትሎ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ነው፤ በስብሰባው ስንት ሰው እንደተገኘ፣ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ስንት የጉልበት ቀን እንደዋለ፣ ስንት ችግኝ እንደተተከለ። እነዚህ ቁጥሮች የተሠራውን ሥራ ያሳያሉ፤ ውሳኔው በማን እጅ እንደነበረ ግን አይነግሩንም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ተሳትፎ መለካት የሚገባው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው የሚል ነው።

የሕግ መሠረት የለም ማለት አይቻልም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 የአካባቢ ደኅንነትን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሆነ ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዝዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበትን መንገድ ደንግጓል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ ከመንግሥትና ከግል ይዞታ ጎን ለጎን የማኅበረሰብ ደንን ዕውቅና ሰጥቷል። ሆኖም ሐሳብን መግለጽና መወሰን አንድ አይደሉም። ሼሪ አርንስታይን በ1969 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው ባለ ስምንት እርከን የተሳትፎ መሰላል ምክክርን ከመካከለኞቹ እርከኖች ላይ ያስቀመጠችው፣ የተጠየቀው ሰው መልሱ ውሳኔውን እንደሚለውጥ ዋስትና ስለሌለው ነው።

ልዩነቱን በግልጽ ከሚያሳዩት ስፍራዎች አንዱ በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ ደጋ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። ለአካባቢው ገበሬ ደግሞ የቤት ክዳን ሣር፣ ማገዶና በድርቅ ጊዜ የከብት ግጦሽ የሚገኝበት ነው። ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊና ናይጅል ሊደር ዊሊያምስ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው በመረጧቸው አለቆች እየተመሩ ስፍራውን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉና ሣሩ ሲደርስ በጋራ ይከፍቱት ነበር። መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት፣ ደንብ የጣሰ ምን ይደረግ የሚለው ውሳኔ የተጠቃሚዎቹ ነበር።

ይህ ሥርዓት የቆመው በርስት መብት ላይ ነበርና የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሠረቱን ናደው። የአባቶቹን ርስት የማይቆጥር ሰው ቀድሞ ተጠቃሚ ስላልነበረ የእኩልነት ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር። ነገር ግን አሮጌው ደንብ ሲፈርስ በምትኩ ወዲያው የተተከለ ደንብ አልነበረምና ጓሳ የሁሉም፣ ስለዚህም የማንም ሆነ። ስፍራው እንደገና ያገገመው ከዙሪያው ቀበሌዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ኃላፊነቱን ሲረከብና ኋላም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነቱ በክልሉ መንግሥት ሕጋዊ ዕውቅና ሲያገኝ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ነባር ሥርዓትን እንዳለ መመለስ መፍትሔ አለመሆኑ ነው፤ ባህል የሚጠብቀውን ያህል የሚያገልለውም አለ። መሬት የሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች ድምፅ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከባህሉ ውጭ ያለ ሕግ ሲያግዛቸው ነው። ሁለተኛው፣ መንግሥት ብቻውን ጠባቂ ሊሆን አለመቻሉ ነው። ከእያንዳንዱ ተራራ ጥግ ዘበኛ ማቆም የሚችል ወረዳ የለም። ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ሥራዋ ያስገነዘበችው ይህንኑ ነው፤ የጋራ ሀብት ተጠቃሚዎች ደንባቸውን ራሳቸው ሲያወጡና መንግሥትም ይህን መብታቸውን ሲያከብርላቸው ተቋማቸው ዕድሜ ያገኛል።

እንግዲህ የወረዳ አስተዳደር ድርሻ ዕቅድ አውርዶ ሰው መቀስቀስ ሳይሆን፣ ማኅበረሰቡ ያወጣውን መተዳደሪያ ደንብ በፖሊስና በፍርድ ቤት ማስከበር፣ ቀበሌዎች በወሰን ሲጋጩ መዳኘት፣ የተገለሉትንም ማስገባት ነው። ይህ ለአስተዳደሩ ቀላል አይደለም፤ ዓመታዊ ኮታ ለሚጠየቅ ኃላፊ፣ ማኅበረሰቡ «ዘንድሮ አንተክልም፣ ግጦሹን እንዘጋለን» ሲል መቀበል ዋጋ ያስከፍለዋል። ነገር ግን እምቢ የማለት መብት የሌለበት ተሳትፎ ከግዳጅ ሥራ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቃል ለእኛ ለተመራማሪዎች ነው። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን መጠይቅ ላይ «በጥበቃ ሥራው ተሳትፈዋል?» ብለን «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ እናስሞላለን፤ መቶኛውን አስልተንም ተሳትፎው ከፍተኛ ነው ብለን እንደመድማለን። ለዘመቻ የወጣና ቀሪ ብሆን እቀጣለሁ ብሎ የፈራ ገበሬም «አዎ» ይላል። በምትኩ የሚዘጋበትን ቀን የወሰነው ማን ነው፣ ሣሩ ሲታጨድ የተካፈለው ማን ነው፣ የቅጣቱ ገንዘብ የት ገባ፣ ቅር የተሰኘ ሰው ለማን አቤት አለ ብለን እንጠይቅ። ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ቃለ ጉባኤ ማንበብና በአጨዳው ወቅት ከስፍራው መገኘት ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ሆኖም እኛ በመጠይቅ ያጸደቅነውን ቁጥር ወረዳው ለሪፖርት፣ ፖሊሲ አውጪው ለዕቅድ ይወስደዋልና የጥያቄያችን ስንፍና የሚያርፈው በገበሬው ትከሻ ላይ ነው።