በሰው ርስት ላይ በሰላም ስለ መሄድ

በስዊድን አገር የደን ባለቤት የሆነ ሰው ዛፉን ይቈርጣል፣ መሬቱን ይሸጣል፣ ለልጆቹም ያወርሳል፤ ነገር ግን ስንቁን በጀርባው አዝሎ በዚያ ደን ውስጥ በሰላም የሚያልፈውን መንገደኛ «ከርስቴ ውጣ» ብሎ ለማባረር ሥልጣን የለውም። «አሌማንስሬት» ተብሎ የሚጠራው ይህ የሁሉ ሰው መብት በልማድ ጸንቶ ከኖረ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1994 በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። እኔ በበኩሌ ከዚያ አገር ሥርዓቶች ሁሉ በጥበብ የላቀው ይህ ይመስለኛል፤ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከመብቶቻቸው ሁሉ አብልጠው ቸል ያሉት ይህንኑ ስለ ሆነ፣ ነገሩን በሰፊው ማንሣት ተገቢ ነው እላለሁ።

አገሬው መብቱንና ግዴታውን «አትረብሽ፣ አታጥፋ» በሚል አጭር ቃል ያስተምራል። መንገደኛ በደንና በሜዳ ይሄዳል፣ በሐይቅ ይዋኛል፣ ከመኖሪያ ቤት ርቆ ድንኳኑን ተክሎ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያድራል፣ የዱር ፍሬና እንጉዳይ ለቅሞ ይበላል። በአንጻሩ የተዘራ እርሻ አይረግጥም፣ በሰው ግቢ አያልፍም፣ ያልደረቀ ዛፍ አይቈርጥም፣ ወፍን ከጎጆዋ አያስደነብርም፤ ድርቅ ጸንቶ እሳት እንዳይነድ ሲታወጅ ክብሪት አይጭርም፤ ሌላ ጊዜም ቢሆን በገላጣ ዓለት ላይ እሳት አያነድም፤ ዓለቱ በሙቀት ሲሰነጠቅ ጠባሳው ለትውልድ ይቀራልና። በዚሁ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 በጋ ብዙ ሺህ ሄክታር ደን በቃጠሎ ከጠፋ ወዲህ፣ የእሳቱን ነገር በቀላሉ የሚመለከት ሰው በገጠሩ ዘንድ ይቅርታ የለውም።

ባለፈው ነሐሴ ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር፣ ቬተርን ከሚባለው ታላቅ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በኦስተርዮትላንድ ገጠር በእግር ተጕዘን ነበር። መነሻችን ከፈረንሳይ አገር የመጡ መነኰሳት በ1143 የመሠረቱት የአልቫስትራ ገዳም ፍርስራሽ ሲሆን፣ ከዚያ ኦምበርግ የተባለውን ደናማ ተራራ ተሻግረን ወደ ቫድስቴና ከተማ አመራን። ኦምበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 263 ሜትር ብቻ ስለሚነሣ የስሜንን ተራራ ላየ ሰው ከጕብታ አይቈጠርም፤ ሆኖም ዙሪያው ለጥ ያለ የእህል አገር በመሆኑ፣ ከጫፉ ላይ የቆመ መንገደኛ በአንድ ወገን የቬተርንን ሰፊ ውሃ፣ በሌላው ወገን የአእዋፍ መናኸሪያ የሆነውን የቶከርንን ሐይቅና አጨዳ የተጀመረበትን ስንዴ በአንድ ጊዜ ያያል።

ባልንጀራዬ በስቶክሆልም ብዙ ዘመን የኖረ፣ ቋንቋውንም አጥርቶ የሚናገር ሰው ነው። እንዲህም ሆኖ፣ መንገዱ ከብት ወደ ተሰማራበት መስክ በሚገባበት በር ላይ ስንደርስ፣ እጁን ከሰንሰለቱ ላይ አሳርፎ ቆመና «የሰው ርስት እኮ ነው፤ ሳናስፈቅድ እንዴት እንገባለን?» አለኝ። በዚህ መካከል አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ በትራክተር ደረሱና፣ ስማችንንም፣ አገራችንንም፣ ወዴት እንደምንሄድም ሳይጠይቁ፣ «ስታልፉ በሩን ዝጉት፤ ጊደሮቹ ይወጡብኛል» ብለው ብቻ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ባልንጀራዬ ሰንሰለቱን ከመንጠቆው አወለቀ፤ ካለፍን በኋላም መልሶ አንጠለጠለውና መያዙን ደጋግሞ ስቦ አረጋገጠ። እኒያ ሽማግሌ ከመንገደኛ የሚፈልጉት ይህን ያህል ነበር፤ መንገደኛውም ከእሳቸው የሚፈልገው ከዚህ አይበልጥም።

በእንዲህ ያለው ጉዞ ሁለት መሆን ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው። ሸክሙ ይከፈላል፤ አንዱ ድንኳኑን ሲይዝ ሌላው ምድጃውንና እህሉን ይይዛል። በዚያ አገር ሣር ውስጥ የሚኖረው መዥገር ክፉ በሽታ ስለሚያስተላልፍ፣ ማታ ማታ አንዱ የሌላውን ማጅራትና ከጕልበት በስተ ኋላ ያለውን ቈዳ በባትሪ መብራት ይፈትሻል። ትራንጊያ በምትባለው ትንሽ የስፒርት ምድጃ ላይ ሽሮው ሲንተከተክ አንዱ ነፋሱን በጀርባው ይከልላል፣ ሌላው ያማስላል። ቀን ደግሞ፣ የማለዳው ወግ ካለቀ በኋላ፣ ሁለት ወዳጆች ሳይኰራረፉ ለረጅም ሰዓት በአርምሞ ጐን ለጐን የሚሄዱበት ጽሞና ይመጣል፤ በከተማ ኑሮ ይህን ያህል ዝም ብለን ብንቀመጥ ተጣላችሁ ወይ ተብለን እንጠየቅ ነበር።

ያ መንገድ ከእኛ በፊት ብዙ እግር አልፎበታል። ቅድስት ቢርጊታ ባሏ በ1344 በአልቫስትራ ካረፈ በኋላ በዚያው ገዳም አጠገብ በጸሎት ተወስና ኖራለች፤ በራእይ ታዘዝሁበት ያለችውም ማኅበረ ደናግል በቫድስቴና ተተክሏል። እርሷ በ1373 በሮም ብታርፍም አፅሟ ወደ ቫድስቴና ስለ ተመለሰ፣ ተሳላሚው ከየአገሩ ወደዚያ ይጐርፍ ነበር። በንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ ዘመን፣ የሃይማኖቱ ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ፣ የ1544ቱ የቬስተሮስ ጉባኤ እንዲህ ያለውን መንፈሳዊ ጉዞ ከለከለ። ሕዝቡ ለመንፈሱ ዕረፍት ሲል እንደ ገና ወደ ገጠር በብዛት የወጣው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ የስዊድን የቱሪስት ማኅበር የተመሠረተው በ1885፣ ለሠራተኛው የሁለት ሳምንት ዕረፍት ከነደመወዙ በሕግ የተፈቀደለት ደግሞ በ1938 ነው። ጋሻ መሬት የሌለው የፋብሪካ ሠራተኛ ያን ዕረፍት የሚያሳልፍበት ምድር ያገኘው በዚህ መብት ስለ ሆነ፣ መብቱን የድኻ ርስት ብለው ቢጠሩት አይበዛበትም።

ተቃዋሚ የለውም ማለቴ አይደለም። ከደኑ እኩሌታ ገደማው የግለሰቦችና የቤተ ሰቦች ይዞታ ሲሆን፣ ከእነዚህ ባለ ይዞታዎች መካከል፣ ነጋዴዎች ከታይላንድ ድረስ ሠራተኛ አምጥተው በሰው ደን ፍሬ እያስለቀሙ ያተርፋሉ፣ አስጐብኚዎችም በሰው መሬት ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ ጕዳቱ ግን ለእኛ ይቀራል ብለው የሚያማርሩ አሉ። በዚህ ረገድ አቤቱታቸው ፍትሐዊ ነው፤ በሌላው ርስት የሚነግድ ከባለ ርስቱ ጋር ይዋዋል። ነገር ግን የነጋዴው ጥፋት ለብቻው ሊታረም ሲገባ፣ እፍኝ ፍሬ ለቅሞ የሚያልፈውን እግረኛ በዚሁ ሰበብ መከልከል ግፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ወገኖቻችን ልመለስ። በስቶክሆልም ሰሜናዊ ምዕራብ፣ ብዙ የአፍሪቃ ቀንድ ተወላጆች ከሚኖሩባቸው ከሪንከቢ፣ ከቴንስታና ከሁስቢ ሰፈሮች ጫፍ ላይ፣ የየርቫ ሜዳና ደን ተዘርግቷል። በከተማው ደቡብም፣ ከብዮርክሃገን የምድር ባቡር ጣቢያ የሚነሣው የሰርምላንድ የእግር መንገድ ከነቅርንጫፎቹ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በየሥፍራውም መንገደኛ የሚያርፍባቸው፣ በግንድ ተሠርተው ፊታቸው የተከፈተ መጠለያዎች አሉ። ይህ ሁሉ በደጃቸው እያለ፣ ዓመታት የኖሩ ወገኖች ከቤተ ክርስቲያን፣ ከክርስትናና ከለቅሶ በቀር የሚወጡበት ስፍራ ሳያውቁ ሲያረጁ ማየት ያሳዝነኛል። በልጅነታችን ጫካ የሽፍታና የጅብ ቦታ ነው ተብሎ ተነግሮናል፤ በስደት ላይ ደግሞ «አንተ የማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ በየበሩ ይጠብቀናል የሚል ሥጋት ተጨምሮበታል። ይህ መብት ግን ዜግነት አይጠይቅም፣ የመኖሪያ ወረቀትም አያሻውም። ግሸን ማርያምን ለመሳለም በሶ ቋጥረው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ስንት ቀን በእግራቸው የሄዱ ሰዎች ልጆች ነን፤ ባለቤት ሳይቈጣጠረው፣ ስለ ተቀደሰ ብቻ ሳይቈረጥ የኖረውን የቤተ ክርስቲያን ደንም እናውቃለን።

ስለዚህ በስቶክሆልምና በዮተቦርይ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትና የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ የበጋው ወራት ሲገባ፣ እንደ ሌላው መርሐ ግብራቸው ሁሉ የእግር ጉዞ እንዲያዘጋጁ እለምናለሁ። ጉዞውን ልጆቹ ይምሩት፤ በአገሩ ትምህርት ቤት ያደጉት የደኑን ሥርዓት ከወላጆቻቸው ቀድመው ተምረውታልና፣ አባትና እናት ከልጅ ለመማር አይፈሩ። ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ የለመደ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ካርታና ስንቅ ይበቃል፣ ድንኳን ከሰው መዋስ ይቻላል። የመጀመሪያው ጉዞም አጭር ቢሆን ይሻላል፤ ማለዳ ከብዮርክሃገን ተነሥተው፣ ማታ በባቡር የሚመለሱበት።